ኪሎዬ ቆመ፦ ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ተስፋ ሲያስቆርጥ ምን ይደረጋል?

ኪሎ ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን በሆንኩ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚያስመዝን አንድ ልጅ ጋ ቆምኩ። የቤቴ ሚዛን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮብኛል። ተበላሽቶ ነው ብያለሁ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አብዛኛው ጨጓራዬ ተቆርጦ ወጥቷል። በአንድ ጊዜ ሦስት ማንኪያ ምስር ነው የምበላው። ታዲያ ኪሎ በምን ሒሳብ ይቆማል?

ወጣሁበት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና ቁጥሩን ጮክ አድርጎ ነገረኝ። ለታክሲ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ከቤቴ ሚዛን በአንድ ኪሎ ተኩል ይበልጣል። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ነው መሰለኝ፣ «እትዬ፣ ጫማዎትን ቢያወልቁት እኮ ይቀንሳል» አለኝ። አዝኖልኝ ነው። እኔ ግን አላመንኩም፤ ለገሃር ድረስ በእግሬ ሄጄ ሌላ ሚዛን ላይ ወጣሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ቁጥር። በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ሰው ሆኜ ቤቴ ገባሁና በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ስሊቭ (አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ የሚወጣበት ኦፕራሲዮን) የተሠራሁ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው፣ ያን ቀን ማታ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የምመኘው ነው። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ነገር ካላችሁ የእሱን ስሙ። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

1. ተስፋ መቁረጥ ነው ወይስ ሕመም? መጀመሪያ ይህን ለዩ

ድካምና ሆድ መባስ ሁሉ የስሜት ጉዳይ አይደለም። የሚከተሉት ካሉ ይህን ጽሑፍ ዘግታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፦ ውኃ እንኳ አልረጋ ብሎ ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ ቁጭ ባላችሁበት ልብ በኃይል መምታት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ። መኪና ካላገኛችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በሩ ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ የምትናገሩት «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፤ ይህን ያህል ሳምንቴ ነው» የሚለውን ነው።

አንድ የእኛ ከተማ ልማድ አለ። ሰው ሲደክመው ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ «ግሉኮስ ይተከልልኝ» ይላል። ለእኛ ይህ ልማድ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ቀናት ያስመለሰ ወይም ምንም ያልበላ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል። ቢ1 ያለቀበት ሰው ላይ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የአንጎል ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቢ1 ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ መሰጠት አለበት። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ከጀመረ፣ ስትራመዱ እንደ ሰካራም ካንገዳገዳችሁ፣ ነገሩ አጣዳፊ ነው። ለሚያክማችሁ ሰው በግልጽ ተናገሩ፤ ሁሉም ክሊኒክ በየቀኑ ጨጓራው የተቆረጠ ሰው አያይም።

የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም አላችሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የቀድሞው መጠን ሊበዛባችሁ ይችላል። ማንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ብድግ ሲሉ ዓይን መጨለም ካለ ለሐኪም ደውሉ። ራሳችሁ አትቀንሱ፣ ራሳችሁም አታቁሙ።

2. ለምን እንደቆመ እወቁ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኪሎ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሰው ይደሰታል፣ ቀበቶ ይገዛል። አብዛኛው ግን ስብ አይደለም፤ ውኃ ነው። ሰውነታችን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስኳር አለ። አንድ ግራሙ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ስለሆነ ውኃውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰውነት ይነቃና ማከማቻውን መልሶ መሙላት ይጀምራል። ውኃው ይመለሳል። ስቡ በሌላ በኩል እየቀለጠ ነው። ሚዛኑ ግን ሁለቱን ደምሮ ስለሚያነብ «ምንም የለም» ይላችኋል። ይህ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሜክሲኮ ላይ እኔን ያስለቀሰኝ ይኸው ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ተነግሮኝ በማደንዘዣው ረስቼዋለሁ።

በኋላም ይቆማል። ደጋግሞ ይቆማል። ፍጥነቱ ትልቅ የሚሆነው በመጀመሪያው ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ሄዶ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይረጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለስም የተለመደ ነው። ሰው የጫነ ሚኒባስና ባዶ ሚኒባስ እኩል ቤንዚን አይፈጁም አይደል? 118 ኪሎ የነበረ ሰውነትና 95 ኪሎ የሆነ ሰውነትም እንዲሁ ናቸው። ያው ምግብ፣ ያው እርምጃ፣ የሚወርደው ግን ያነሰ።

በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሰሞን ውኃ ይይዛል። የሆድ ድርቀት አለ። ቅዳሜ ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ እሑድ ጠዋት ኪሎ ጨምራችሁ ልትነሱ ትችላላችሁ፤ ማክሰኞ ይሄዳል። በእሱ አታልቅሱ።

3. ሚዛኑን ሥርዓት አስይዙት

አንድ ሚዛን ብቻ ይኑራችሁ። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ፣ ሽንት ቤት ሄዳችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ በያው ቀሚስ። የመንገድ ሚዛን ተዉት። ልጆቹ እንጀራቸውን ይብሉ፣ ሌላ ሰው ይመዘንላቸዋል።

ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ስትፈርዱ ግን የዚህን ሳምንት ቅዳሜ ካለፈው ቅዳሜ ጋር አታስተያዩ፤ ከአራት ሳምንት በፊት ከነበረው ቅዳሜ ጋር አስተያዩ። አራት ሳምንት ሙሉ ኪሎም ሴንቲሜትርም ካልነቃነቀ ያኔ «ቆመ» በሉ። ከዚያ በታች መቆም ሳይሆን መተንፈስ ነው።

ሴንቲሜትር ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ያን ሰሞን ቀሚስ ላስጠብብ የሰፈሬ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ወሬ አያበዛም። ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረ፣ በጥቅምት የለካኝን ከደብተሩ ፈልጎ አገኘ፣ መነጽሩን አወለቀና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የቀሚሱን ጎን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ በእስፒል ያዘው፤ በዚያኛውም ጎን እንዲሁ። «ይህ ሁሉ ይቆረጣል» አለ። የተቆነጠጠውን ጨርቅ አየሁት። አራት ጣት ይሆናል። ሚዛኑ እኮ ከሁለት ሳምንት በላይ አልነቃነቀም ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜትር ቤቴ አለ። በወር አንዴ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድና አንገት እለካለሁ። ኪሎው አጠገብ እጽፋለሁ።

4. የራሳችሁን ቁጥር አስሉ

ብዙ ሰው የሚቆርጠው ተስፋ መጀመሪያውኑ የእሱ ያልሆነ ተስፋ ነው። «60 ኪሎ እገባለሁ» ብሎ ይጀምራል። ከየት አመጣው? ከሠርጉ ፎቶ።

ወረቀትና ካልኩሌተር አምጡ። ቁመታችሁን በሜትር ጻፉና በራሱ አባዙት። ለምሳሌ ቁመቷ 1.62 የሆነች ሴት፦ 1.62 በ1.62 ሲባዛ 2.62 ገደማ ነው። ይህን በ25 አባዙት፤ 65.6 ኪሎ ይመጣል። ሐኪሞች ጤናማ የሚሉት ክብደት የላይኛው ድንበር ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት 118 ኪሎ ከነበረች ትርፍ ክብደቷ 52 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው። ስሊቭ በአብዛኛው ከዚህ ትርፍ ውስጥ ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ያወርዳል፤ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከታችኛው አንጀት ጋር የሚያገናኘው ኦፕራሲዮን) በጥቂቱ ይበልጣል። ስለዚህ ይህች ሴት በዓመት ተኩል ውስጥ ከ26 እስከ 36 ኪሎ ብትቀንስ ኦፕራሲዮኑ ሠርቷል። 82 ወይም 92 ኪሎ ላይ ልትረጋ ትችላለች። ስኳሯ ወርዶ፣ ጉልበቷ ሳያማት፣ ማንኮራፋት ትቷት።

82 ሲባል ቅር ይላል፣ አውቃለሁ። እኔም ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ስሠራ ካልኩሌተሩን ተጣላሁት። ግን ከ60 ጋር ሳወዳድር በየቀኑ ተሸናፊ ነበርኩ። ከራሴ ቁጥር ጋር ሳወዳድር በስድስተኛው ወር ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ሄጄ ነበር።

ከሌላ ሰው ጋር መወዳደርም ያው ነው። አብራችሁ የተሠራችሁት ሰውዬ በሦስት ወር 40 ኪሎ ጥሎ ይሆናል። ስንት ኪሎ ነበር? ወንድ ነው? ስሊቭ ነው ባይፓስ? ዕድሜው? ከብዙ ኪሎ የተነሳ ሰው ብዙ ኪሎ ይጥላል፤ ወንድም ጡንቻው ስለሚበዛ ቶሎ ይወርዳል። የሱን ቁጥር በመቶኛ ስታሰሉት ምናልባት ከእናንተ አይበልጥም።

5. ለሰባት ቀን ያለ ውሸት ጻፉ

አሁን ወደ ምግቡ። ሰባት ቀን አፋችሁ የገባውን ሁሉ ጻፉ፤ ፈሳሹን ጭምር። ራሳችሁን ለመክሰስ አይደለም። የተቀነሰ ጨጓራ ሥጋና እንቁላልን ያስቆማል፤ ፈሳሽና ፍርፋሪን ግን ያሳልፋል። ስፕሪስ ጁስ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ከላይ ስኳሩ። ሁለት እንቁላል ያልቻለ ሰው ትልቅ ብርጭቆ ጁስ ይጨርሳል። ማኪያቶም አለ፤ በቀን ሦስት፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሆነ 24 ግራም ስኳር ነው። ቡና ሲፈላ የሚዘገነው ቆሎና ፈንዲሻ፣ የልጅ ትራፊ፣ ከሥራ ስትወጡ የተገዛች አንዲት ሳምቡሳ። እኔን የያዘኝ ቆሎ ነበር። «ገብስ እኮ ነው» እያልኩ።

ቀጥሎ ፕሮቲን ቁጠሩ። በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው የሚመከረው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9፤ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ ከ25 በላይ። ሰሐኑ ላይ መጀመሪያ የሚበላው ወጡ ነው፤ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ። እንጀራው መጨረሻ፣ ቦታ ከተረፈ። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ያለ እንጀራ የተበላ ነገር እንደ ተበላ አይቆጠርማ። እኔ ማንኪያ ይዤ እቀርባለሁ፤ ቤተሰቤ ለምዶታል። ፕሮቲን ካነሰ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲሄድ ደግሞ ኪሎ ይበልጥ ይቆማል።

ውኃ ከምግብ ጋር አትጠጡ። ምግብ ከጨረሳችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ከዚያ በቀን ሊትር ተኩል እስክትደርሱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጠጡ። ሻይና ቡና የብረት ማዕድን እንዳይገባ ያግዳሉ፤ የብረት እንክብል ከነሱ አርቁ። ካልሲየምም ከብረት ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይለይ። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ የተወ ሰው ከዓመት በኋላ ደም አንሶት፣ ደክሞት፣ «ኦፕራሲዮኑ ጎዳኝ» ሲል ታገኙታላችሁ።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዓቢይ ጾም የመጣብኝ በአራተኛው ወር ነው። 55 ቀን። ከማንም በፊት የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ልጾም ነው የመጣሁት፤ እንዲያውም በልቤ «ይቀንስልኛል» የሚል ተንኮል ነበረኝ። አባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሐኪሙ ምን አለ?» ዝም አልኩ። «እንግዲያው እሱን ጠይቀሽ ተመለሺ» አሉኝ። ሐኪሙ በዚያ ዓመት እንዳልጾም ነገረኝ፤ እሳቸውም ፈቀዱልኝ፤ በጸሎትና በምጽዋት አካክሺው ብለው። በሁለተኛው ዓመት ጾምኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ትቼ፣ ወፍራም ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ የአኩሪ አተር ወተት፣ የለውዝ ቅቤ በማንኪያ። የጾም ምግብ ቀላል ይመስላል እንጂ ፓስታና ድንች ከሆነ ኪሎ ይጨምራል። ረመዳን የምትጾሙም ያው ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ሰዓት ሊትር ተኩል ውኃ በትንሽ ጨጓራ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

6. ለሰው አፍ መልስ አዘጋጁ

አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ኪሎ የሁሉም ጉዳይ ነው። ስትወፍሩ «ተመቸሽ!»፤ ስትከሱ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ፊታችሁ ይረግፋል፣ ያኔ ሹክሹክታው ይጀምራል። ኪሎ ሲቆም ደግሞ ኦፕራሲዮኑን የሚያውቁት ዘመዶች ተራቸው ነው፦ «ያን ሁሉ ብር አውጥተሽ ይሄ ብቻ?» ይህች ጥያቄ ካራ ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያላለኝም ሰው የለም። እንቁላሉ ምን ያህል ጊዜ ፈጀበት ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

የእኔ ዘዴ ሰውን ሦስት ቦታ መክፈል ነው። ሁሉን የሚያውቁ፦ እህቴና አንዲት ጓደኛዬ። ግማሹን የሚያውቁ፦ ቢሮ። ለነሱ «ሐኪም አመጋገብ አስተካክሎልኛል፣ ደህና ነኝ» ይበቃል፤ ውሸት አይደለም። ምንም የማያውቁ፦ ቀሪው ዓለም። ለእሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወሬ መቀየር ነው። መንገር ግዴታ አይደለም፣ መደበቅም ነውር አይደለም። ለአንድ ሰው ግን ንገሩ። ብቻውን የተሸከመው ሰው ነው ቶሎ የሚሰበረው።

ጉርሻን በተመለከተ፤ «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቀድሜ እኔ አጎርሳለሁ። አጉራሽ ሰው አይጎረስም፤ ቢጎረስም አንዴ ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ሰሐን ይዤ እነሳለሁ፣ ጥቂት አድርጌ ቆሜ አወራለሁ። ባዶ እጅ ያለ ሰው ነው የሚለመነው።

7. ቸርችልን ውጡ

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ማለቴ ነው። ከባድ ነገር ማንሳት ለስድስት ሳምንት ያህል ይከለከላል፤ መራመድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይፈለጋል።

የቸርችል ጎዳና ለኔ ሚዛን ነው። ከለገሃር ተነስቶ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሽቅብ ነው፤ ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሳንባም ይሠራል። መጀመሪያ ስሞክረው ትግላችን ሐውልት ጋ ስደርስ ቆሜ የሐውልቱን ኮከብ የማደንቅ መሰልኩ፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። በሚቀጥለው ወር ፖስታ ቤት። ከዚያ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ጋ። ኪሎዬ ከቆመባቸው ሳምንታት በአንዱ ነው ሳልቆም ማዘጋጃ የደረስኩት። ደብተሬ ላይ ከኪሎው አጠገብ «የት ቆምኩ» የሚል አምድ አለኝ። ኪሎ አልነቃነቅ ሲል እሱን አነባለሁ።

እናንተም የራሳችሁን አንድ ዳገት ወይም ደረጃ ምረጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ለጡንቻ የሚሆን ነገር ጨምሩ፤ ወንበር ላይ መቀመጥ መነሳት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ማንሳት። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚሮጠው ሰው መሐል መግባት ካሳፈራችሁ፣ ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም የራሱን ትንፋሽ ፍለጋ ላይ ነው።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችንም ጻፉ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ድሮ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት አይ ነበር። አንድ ቀን የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ገባሁ፣ ማንም ዞሮ አላየኝም። ይህን የሚመዝን ሚዛን የለም።

8. ጭንቅላታችሁንም አሳክሙት

ጨጓራ ይቆረጣል እንጂ ሐዘን አይቆረጥም። ስንበሳጭ እንበላ ነበር፤ አሁን አይቻልም። ብስጭቱ ግን አለ። አንዳንድ ቀን የናፈቀኝ ክትፎው ሳይሆን ክትፎው ዙሪያ የነበረችው እኔ ናት። ይህ የተለመደ ነው፤ ያልፋል።

ፀጉርም ይረግፋል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ገደማ ማበጠሪያው ላይ ስታዩት ያስደነግጣል። ከሰውነት ድንጋጤ የመጣ ስለሆነ በአብዛኛው ይመለሳል። ሹሩባ አጥብቃችሁ አትሠሩ፤ ከዓመት ካለፈ ብረትና ሌላውን ተመርመሩ።

የማያልፈውን ግን ለዩ። ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከተከፋችሁ፣ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ በተለይ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለ፣ ለቅርብ ሰው በዚያው ቀን ተናገሩና አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ራስን የመጉዳት አደጋ ከፍ እንደሚል ይታወቃል፤ የእናንተ ድክመት አይደለም። «አማኑኤል» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ይደነግጣል። እኔም ደንግጬ ነበር። ሄጄ ያየሁት ግን ወረፋ የሚጠብቁ እንደ እኔ ያሉ ሰዎችን ነው። ፀበሉንም የምትፈልጉ ሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። የድብርት መድኃኒት ቀድሞ የምትወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ አወሳሰዱ ሊቀየር ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

መጠጥ። ከኦፕራሲዮን በኋላ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ አንድ ብርሌ ጠጅ እንደ ሁለት ልትሆን ትችላለች። ምግብን ያጣ ሰው መጠጥን ሊተካው ይችላል፤ በሁለተኛው ዓመት ላይ የሚመጣ ችግር ነው። ለጨዋታ ያህል ብላችሁ እንኳ ተጠንቀቁ።

9. ባዶ እጃችሁን ቀጠሮ አትሂዱ

ቀጠሮ መዝለል የሚጀምረው ኪሎ ሲቆም ነው። «ምን ይለኛል?» ብሎ መሸሽ። እኔም ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ስሄድ ሐኪሙ ያየው ደብተሬን ነው፤ በአምስት ደቂቃ ቆሎውን አገኘው።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የኪሎና የሴንቲሜትር ደብተራችሁ፣ የሰባት ቀኑ የምግብ ጽሑፍ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነፓኬቱ። ህንድ ወይም ቱርክ ሄዳችሁ ከተሠራችሁ የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን አስቀድማችሁ አስልኩ፤ እዚህ ያለው ሐኪም የተሠራውን በግምት ሊያውቅ አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ የደም ምርመራ ጠይቁ፦ የደም መጠን፣ ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ። ኪሎው በእውነት ከቆመና ድካም ካለ የእንቅርት ሆርሞንም ይታይ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ኪሎ ይይዛሉ፤ ግን ድንገት አይቆሙም። ለራስ ምታትና ለወገብ ብላችሁ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አትግዙ፤ በተለይ ባይፓስ የተሠራችሁ፣ ጨጓራ ያቆስላሉ።

የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ፌጦ በሎሚ፣ ከሰው ሻንጣ የወጣ የማክሻ መርፌ፤ ኪሎ የቆመበት ሰው ደጃፍ ላይ ይህ ሁሉ ይሰለፋል። ሻይው ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ነው፤ የሚወጣው ውኃ ነው። ፌጦውን የተቆረጠ ጨጓራ ላይ ማፍሰስ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። መርፌው እውነተኛ መድኃኒት አለው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚያዙ ሐኪሞችም አሉ። ግን ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ መቆየት ያለበት ነገር ነው፤ በሻንጣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ማን ያውቃል? ከፈለጋችሁ ለሐኪሙ በቀጥታ «ይሆነኛል?» በሉት።

መውለድ የምታስቡ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ቆዩ። ኪሎ ሲወርድ እርግዝና ሳይታሰብ ይመጣል፤ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው መከላከያ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዓይነት ጠይቁ።

የእኔን ሚዛን ለእህቴ ሰጥቻታለሁ። ቤት ሲሆን በቀን አራት ጊዜ እወጣበት ነበር። አሁን የረጋሁ ስለሆነ በወር አንዴ ይበቃኛል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ምንም ሳልቀምስ ካዛንቺስ እሷ ጋ እሄዳለሁ፣ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ እመዘናለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ቡናው ይፈላል። ቆሎውን ከኔ ራቅ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።